ስሟ ያልተነበበው ልጄ

በዚህ ነገር ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ ወረታ ገበያው ጥግ ልብስ ሰፊ፣ ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደል የለየሁ፣ ዕቃ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሁሉ ዘርግቼ የማነብ። ሁለተኛዋ ሚስቴ ናት። ሦስተኛዋ ዘጠነኛ ክፍል ደርሳ የነበረችው የመጀመሪያ ልጃችን። አራተኛው ባሏ፣ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ። አምስተኛዋ የእሱ እናት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ መሬቱ በስሟ የተመዘገበላት፣ ግን ሞፈር መጨበጥ ለሴት ነውር ስለሆነ ልጇ ካላረሰላት ጦሟን የምታድር።

ልጄን ከትምህርት ቤት ያወጣኋት እኔ ነኝ። ጊዜው የደርግ ነበር፤ ቀበሌው ልጃገረዶችን ለኪነት ቡድን እየመለመለ ያስጨፍራል። ልጄን መድረክ ላይ ከማይ ብድራት ይሻላል አልኩ። ጭፈራውን ዛሬም አልወደውም። ግን ከእሱ ላድናት ብዬ የሄድኩበት መንገድ የት እንዳደረሰን ስለማውቅ አፌን ሞልቼ አልናገርም።

ከመዳሯ በፊት አንድ ቀን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጣ ደብተሯን ታጠና ነበር።

“አባባ፣ ይስሙኝ። ባሕር ማዶ አዝቴክ የሚባል ሕዝብ ነበረ። ሴት ልጅ ስትወለድ እንዝርትና መጥረጊያ ይሰጧታል። እትብቷን ምድጃ ሥር ይቀብሩታል፤ የወንዱን ግን ጦር ሜዳ ወስደው ነው።”

ደስ አለኝ። “አየሽ? የትም አገር ቢሆን የሴት ቦታዋ ይታወቃል” አልኳት።

“ይቆዩ፣ አላለቀም። ገበያ የሚቆጣጠሩ ሴቶችም ነበሯቸው።” ወደ እናቷ ዞራ ሳቀች። “እማዬ የወረታን ገበያ ብትቆጣጠር ቅቤ የሚቀላቅል አንድ ሰው ይተርፍ ነበር?”

“እኔማ መጀመሪያ የምፈትሸው የአባትሽን ሜትር ነው” አለች ሚስቴ።

ልጄ ሳቋን ጨርሳ የመጨረሻውን አነበበች። “በወሊድ የሞተችን ሴት ጦር ሜዳ ከወደቀ ወታደር እኩል ያከብሯት ነበር ይላል።”

“ሰው እያረዱ ለፀሐይ የሚሰዉ ጣዖት አምላኪዎች ምን ክብር ያውቃሉ? ዝጊው!” አልኳት። ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳትቆይ ዳርኳት፤ ደብተሩ እኔ ቤት ቀረ።

ቁሐር ሚካኤል በክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ነው። በዚያ ዘመን ሩዝ መዝራት ተጀመረ፤ እስከ ጉልበት ውሃ ውስጥ ገብቶ ማረሙ የሴቶች ሥራ ሆነ። አማቷ ገበያ ስትወጣ ሱቄ በር ላይ ቆማ ትቀልድብኝ ነበር፦ “የልብስ ሰፊ ልጅ ከመርፌ ሌላ ምን ታውቃለች ብዬ ነበር። ጉድ እኮ ነው፣ አረም ላይ እኔን ቀድማኝ ትሄዳለች!” ለእኔ ይህ ምስጋና ነበር፤ ለሚስቴ ግን አልነበረም። “ልጄ ከስታለች” ትለኝ ነበር።

በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ወሯ ሲገፋ እናቷ ቤት ትመጣለች። የሚያመጧት የባሏ ወገኖች ናቸው፤ በበቅሎ አስቀምጠው፣ ሽማግሌ አስከትለው። ሐምሌ ሲጋመስ አማቼ ብቻውን፣ እግሩ እስከ ጭኑ ጭቃ ሆኖ መጣ።

“አባቴ፣ እናቴ ልካኝ ነው። አረሙ ስላላለቀ እኛ ማድረስ አልቻልንም። ከፈለጉ መጥተው ይውሰዷት ብላለች።”

“መጥቼ ልውሰዳት? የተፈታች ናት?”

“ኧረ በሚካኤል! እንደሱ አይደለም። ውሃው ሳይሞላ ብለን…”

“የወሰዳት ሰው በወግ ያምጣት። በቅሎ የላችሁም? ሽማግሌስ አልቆባችኋል?”

ሚስቴ ከጓዳ ወጣች። “እኔ ልሂድና ላምጣት። እርስዎ ይቅሩ፤ ክብርዎ አይነካም።”

“አንቺ ምን አገባሽ?” አልኳት።

ያገባት ነበር። አምጣ የወለደቻት እሷ፣ የምታርሳትም እሷ ነበረች። እኔ በወግ ስም በሩን ዘጋሁ። አማቼ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሚስቴ በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱ ደግማ ለመነችኝ። “በሽማግሌ ይመጣሉ” እያልኩ ጨርቄን እቀድ ነበር። እናቱም እንደ እኔው እልኸኛ ነበረች፤ አረሙ ሳያልቅ አላደርሳትም አለች። በሁለታችን መካከል ልጄ ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብላ ከረመች።

ነሐሴ ላይ ወንዙ ሜዳውን ሞላው። እሑድ ጠዋት አንድ ሰው በታንኳ ተሻግሮ መጣና ልጄ ከቅዳሜ ጀምሮ ምጥ ላይ እንዳለች ነገረን። ሚስቴ በዚያን ጊዜ ፈቃዴን አልጠየቀችም። ነጠላዋን አንስታ ወጣች፤ እኔ ከኋላዋ ሮጥኩ።

ውሃው ዳር ስንደርስ ከወዲያ ማዶ በታንኳ ይዘዋት ሲመጡ አየን። ሕፃኗ ተወልዳ በልጄ አማት እቅፍ ውስጥ ነበረች፤ የእናቲቱ ደም ግን አልቆም ብሏል። ቃሬዛ ላይ ስናሳርፋት ዓይኗን ገለጠች። እኔን አላየችም። እናቷን ነው ያየችው።

“እማዬ፣ አረሙን ጨርሻለሁ እኮ” አለች።

የጤና ጣቢያው ጣራ ከሩቅ ይታይ ነበር። እዚያ ሳንደርስ አለፈች።

በዓመቱ አማቼ ለውትድርና ተመለመለ፤ ብዙም ሳይቆይ መርዶው መጣ። ቀበሌው ሕዝብ ሰብስቦ የወደቁትን ስም አነበበ፤ ስሙ ሲጠራ ሁላችንም ተነሥተን ባርኔጣችንን አወለቅን። እናቱ ከጎኔ ቆማ ነበር። ጸጥታው መሀል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ “የእሷንስ መቼ ታነባላችሁ?” አለች።

አንዱ “ዝም ይበሉ እናቴ፣ ስለ ጀግኖች ነው” አላት። ስለ ማን እንደምትናገር የገባኝ እኔ ነኝ። አፌን ከፍቼ “የልጄን ነው የምትለው” ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ወንዶች ፊት ስለ ወሊድ ማንሳት አፈርኩ።

ቤት ገብቼ ደብተሩን አወጣሁ። በወሊድ ስለሞተችው ሴት የሚለውን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ጣዖት አምላኪ ብዬ የናቅሁት ሕዝብ ሴቷን ምድጃ ሥር ቢያስራትም፣ ስትወልድ ብትሞት ሞቷ የወታደር ሞት መሆኑን ያውቅ ነበር። እኔ፣ ዳዊት የምደግመው፣ እሱንም አላወቅሁም።

ሴት ልጅ ያላችሁ አባቶች፣ የወሰናችሁላትን ሁሉ መልካም ነው እያላችሁ አትመኑ፤ የእናቷን ቃል ስሙ። እኔ ስላልሰማሁ የከፈልነው ይህ ነው። ልጄ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት ሄደች። ባሏ አስከሬኑ እንኳ ሳይመጣ ቀረ። እናቱ መሬቷን ለሰው ሰጥታ ከምርቱ የሚያካፍሏትን ትጠብቃለች። እኛ ጋ ያደገችው የልጅ ልጄ ሚስቴን “እማዬ” ብላ አፏን ፈታች። ሚስቴ ምግቤን ታቀርባለች፣ ልብሴን ታጥባለች፤ ከዚያ ነሐሴ ወዲህ ግን አንድም ነገር ለምናኝ አታውቅም። ይህን ሁሉ የከፈልነው አንዲት በቅሎ ከሽማግሌዎች ጋር ደጃፌ ላይ እንድትቆም ስለፈለግሁ ነው።