የመንገደኞቻችን የክርስትና ስም

የሰንበት ትምህርት ቤቱን ቁልፍ የተረከብኩት አንድ እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ እንዳለቀ ነው። የደብራችን አስተዳዳሪ መልአከ ገነት ጥላሁን ቁልፉን እጄ ላይ አኖሩና፣ «በሩን ስትዘጋ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ አድርገው፣ ያለዚያ አይገጥምም» አሉኝ። ስለማስተምረው ነገር ምንም አላሉም። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስዘጋጅ ነበር የሰነበትኩት።

ደብራችን ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ከሸዋ በር ብዙም ሳይርቅ ነው። አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮች፣ ጥቁር ሰሌዳና ሁለት ከበሮ ነበሩ። ዮሴፍ በወንድሞቹ ተሸጦ ግብፅ ስለመውረዱ አስተማርኩ። ጥያቄ ያለው ካለ ብዬ ስጠይቅ ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ዮሴፍ ግብፅ ከገባ በኋላ ሥራ ለማግኘት ብዙ ቆየ?» አለች። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ልጅቷ ግን የምሯን ነበር።

በሥራ ቀናት በመንግሥት ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሥራ እንዲህ ነው። ከሕፃናትና ከማዕከላውያን ክፍል ያለፈው ወደ ወጣቶች ክፍል ይመጣል። ቅዳሜ ከሰዓት የመዝሙር ጥናት አለ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትምህርት። መምህሩ ያስተምራል፣ የመዝሙር ክፍሉ ኃላፊ ያስጠናል፣ ሰብሳቢው ይቆጣጠራል፣ ሰበካ ጉባኤው ሁላችንንም ይቆጣል። በክረምት ከበሮው ስለሚረግብ ጠዋት ፀሐይ ላይ ማውጣት የመምህሩ ድርሻ ነው፤ ይህን አስቀድሞ የሚነግራችሁ የለም።

ስለ ምሥጢረ ሥላሴ ተዘጋጅቼ እገባለሁ፤ ልጆቹ ስለ ሰኞ ይጠይቁኛል። አንዱ ጫት ሲጭን ውሎ የጠቆረ እጁን ዘርግቶ፣ «በዚህ እጅ መስቀል ልሳለም?» አለኝ። ሌላዋ ጀጎል ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትኖር ልጅ ናት። አከራይዋ ሙስሊም ናቸው፤ በረመዳን ለማፍጠሪያ ከሠሩት የሥጋ ሾርባ ያመጡላታል፤ እሷ ደግሞ ዐቢይ ጾም ላይ ናት። «እንደ እናቴ ናቸው፣ አልበላም ማለት አፈርኩ» አለችኝ። «ጾም ነኝ በያቸው፤ ጾምን ካንቺም ከእኔም ይበልጥ ያውቁታል» አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ቴምር ይዛልን መጣች። እንደዚህ ዓይነት ቀኖችም ነበሩ፤ አልክድም።

ከዓመታት በኋላ ልጆቹ መሄድ ጀመሩ። መጀመሪያ ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ በየመን አድርገው ወደ ሳዑዲ። አንዱ ከትምህርት በኋላ ሰሌዳው ላይ ካርታ እንድስልለት ለምኖኛል። አብልጦ የጠየቀኝ ስለ ባሕሩ ስፋት ነበር።

እኔም አንድ ሥርዓት አስገባሁ። ትምህርቱ ሲያልቅ ለመንገደኞች እንጸልያለን። የሄደበት ሰው ያለው ሁሉ ተነሥቶ የዚያን ሰው የክርስትና ስም ይጠራል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «በመንገዱ ጠብቀው» ብሎ ይመልሳል። በክርስትና ስም ያደረግሁት፣ ጸሎት የሚደረገው በዚያ ስም ስለሆነ ነው። ስሙን ደግሞ ከወላጅና ከንስሐ አባት በቀር የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ አንድ ወንበር ላይ አብረው ያደጉ ልጆች እንኳ አይተዋወቁበትም። አንድ ነገር ደጋግሜ ነግሬአቸዋለሁ፤ በትምህርት ቤት ብትዋሹ ፈተና ትወድቃላችሁ፣ በጸሎት ብትዋሹ ግን ጸሎቱ ራሱ የለም። የማታምኑበትን አትመልሱ አልኳቸው። ከነገርኳቸው ሁሉ ከልባቸው የያዙት ይህችን ነው።

ናትናኤል ከበሮ መቺያችን ነበር። እናቱ ወይዘሮ አስካለ ሸዋ በር ጉልት ላይ ሽንኩርትና ድንች ይሸጣሉ። አባቱ ወታደር ነበር፤ ሞቷል። ታናሽ እህቱ ቤቲ እዚያው እኛ ክፍል ትማራለች። የሄደ ሰሞን ከበሮውን ወልውሎ፣ ማንገቻውን አጥብቆ፣ ጥግ አስቀምጦት ነበር። ወዴት ነህ ብዬ ብጠይቀው «ድሬዳዋ ዘመድ ጥየቃ» አለኝ። ዘመድ እንደሌለው አውቃለሁ። እሱም እንደማውቅ ያውቃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቲ በየእሑዱ ተነሥታ «ኃይለ ሚካኤል» ትላለች፤ ክፍሉ «በመንገዱ ጠብቀው» ይላል። ወይዘሮ አስካለ በገበያው ሳልፍ ይጠሩኛል። «መምህር፣ ስሙን ጠራችሁልኝ?» «ጠርተናል።» «ሁሉም መለሱ?» «ሁሉም።» ከዚያ በግድ አንድ ሁለት ሽንኩርት ኪሴ ውስጥ ይከቱልኛል። እጃቸውን መመለስ አይቻልም።

ወሬው የመጣው በስልክ ነው። ጀልባዋ ከጅቡቲ ዳርቻ ብዙም ሳትርቅ ተገለበጠች። አብሮት የነበረው የሰፈራችን ልጅ ዋኝቶ ተርፏል፤ ናትናኤል ሲሰጥም ዐይኑ እያየ ነው። ለመዝሙር ክፍል ኃላፊው ደወለለት፤ እሱ ለጓደኞቹ፣ ጓደኞቹ ለጓደኞቻቸው ነገሩ። ረቡዕ ሲሆን ከቤቲ በቀር ክፍሉ ሁሉ አውቋል።

የእድሩ ዳኛ አቶ መኮንን፣ መልአከ ገነትና እኔ ተሰበሰብን።

«አስካለ ደም ግፊት አለባት» አሉ አቶ መኮንን። «ወንድሟ ከጎዴ ሳይመጣ መርዶ አይነገራትም። ማን ሊደግፋት ነው?»

«መቼ ይመጣሉ?»

«ፈቃድ ሲሰጡት። ወታደር አይደለም እንዴ?»

«ልጆቹ እኮ ሁሉም ሰምተዋል።»

«አፋቸውን ይያዙ። አንተ መምህራቸው አይደለህ?»

ክፋት አልነበረባቸውም። መርዶ በማለዳ፣ ወገን ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ሰው በቀኝም በግራም ቆሞ ነው የሚነገረው፤ አገሩ እንዲህ ነው። እኔም ስንቱ ደጃፍ ላይ ከእሳቸው ጋር ቆሜአለሁ።

ስንወጣ መልአከ ገነት ወደ ጎን ወሰዱኝ። «አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ። ነፍሱ ፍትሐትም አጥታ መቆየት የለባትም። የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«እናቱ ሳይሰሙ?»

«እሷ ስትሰማ ደግሞ ይደገማል። ስሙን ንገረኝ።»

ነገርኳቸው። ሐሙስ ማለዳ ፍትሐቱ ተደረገ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ካህናቱና እኔ ብቻ ነበርን። ኃይለ ሚካኤል የሚለው ስም ከሙታን ጋር ሲጠራ ስሰማ እሑድ የሚመጣው ታየኝ፤ ዓምዱን ተደግፌ አስፈጸምኩ።

እሑድ ቤቲ እንደ ወትሮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም። ጸሎቱን ልተወው አስቤ ነበር፤ ብተወው ደግሞ ለምን ብላ መጠየቋ አይቀርም። ጀመርን። አንዱ የወንድሙን ስም ጠራ፣ ክፍሉ መለሰ። አንዷ የአጎቷን ጠራች፣ ክፍሉ መለሰ። ቤቲ ተነሣች።

«ኃይለ ሚካኤል» አለች።

ማንም አልመለሰም። ከበሮው አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ወለሉን ያያል። የመዝሙር ክፍል ኃላፊው ከንፈሩን ነክሷል። «በመንገዱ ጠብቀው» የሚል አንድ ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ ድምፁ የእኔ ነበር።

ቤቲ ዞር ብላ ጓደኞቿን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች። «መምህር፣ የመለሱት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ያየችውን ተናገረች እንጂ።

ከኋላ አንዲት ልጅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቤቲ ነጠላዋን አወለቀችና አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው ለበሰች። በሩን ከፈተች፣ ወጣች። ልጆቹ ተከተሏት። እኔም ተከተልኩ፤ በእኔ እግር ግን አልተደረሰባትም።

የተፈጠረውን የነገሩኝ ከወይዘሮ አስካለ ጎን ቲማቲም የሚሸጡት ወይዘሮ ዘይነባ ናቸው። ወይዘሮ አስካለ ለአንድ ደንበኛ ድንች እየመዘኑ ነበር። ቀና ሲሉ ልጃቸው በሚኒባሶቹ መሀል አድርጋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትመጣ አዩ። ያላቸው ልጅ ሁለት ነው፤ አንዷ በእግሯ እየመጣች ነው። ማንም ቃል ሳይነግራቸው ሚዛኑን ለቀቁት። ወይዘሮ ዘይነባ «ኢና ሊላሂ» ብለው ዘለው ያዟቸው። አቶ መኮንን ከጎዴ የጠበቋቸው ደጋፊ እዚያው ጎናቸው ተቀምጠው ቲማቲም ይሸጡ ነበር።

የወይዘሮ አስካለ ወንድም በሳምንቱ ደረሱ። ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው፣ «ማን ነገራት?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም እኔን አየ።

ንጉሥ ዳዊት የታመመ ልጁ እንዲድንለት ሲጾም፣ ሲለምን፣ መሬት ላይ ሲተኛ ልጁ እንደሞተበት ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ። ትምህርቴ ሁልጊዜ ስለ ዳዊት ንስሐ ነበር። አገልጋዮቹ ሊነግሩት ፈርተው እርስ በርስ ሲንሾካሾኩ፣ ዳዊት መንሾካሾካቸውን አይቶ ልጁ መሞቱን እንደተረዳ እዚያው ተጽፏል። ያንን ቁጥር በቶሎ እያነበብኩ አልፈው ነበር። አሁን ከምዕራፉ የሚታየኝ እሱ ብቻ ነው።

ሐዘኑ ላይ ወይዘሮ አስካለ አጠገባቸው እንድቀመጥ ጠቆሙኝ።

«መምህር፣ ፍትሐት ተደርጎለታል አሉኝ።»

«አዎ።»

«መቼ?»

«ሐሙስ ማለዳ።»

«ሐሙስ ማለዳ ሽንኩርት የጫነ መኪና ገብቶ ነበር» አሉ። «በዋጋ ስጨቃጨቅ ነበር። ስቄአለሁም መሰለኝ፤ ሹፌሩ ቀልደኛ ነው።» ከዚያ ዐይን ዐይኔን እያዩ፣ «ለልጄ ፍትሐት ሲደረግለት እኔ ገበያ ነበርኩ» አሉኝ።

ስለ ትንሣኤ ተስፋ የሚናገሩትን ጥቅሶች ሁሉ በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ በየድንኳኑ ስናገራቸው ኖሬአለሁ። አንዱም ወደ አፌ አልመጣም። ቢመጣ እንኳ አፍሬ እመልሰው ነበር። ፍትሐቱ ደግሞ ተደረገ፣ ወይዘሮ አስካለም ቆሙ፤ ለእሳቸው ግን ያ ሁለተኛው ነው።

ከዚያ ወዲህ መጸለይ አቆምኩ ብል ይቀለኝ ነበር። እጸልያለሁ። የሚሰማ እንዳለ ግን እንደ ድሮው እርግጠኛ አይደለሁም፤ ይህንንም ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ። «ቀጥል» አሉኝ እንጂ ሌላ አልጨመሩም። እቀጥላለሁ። ደስ ብሎኝ አይደለም።

ክፍሉም ክፍል መሆኑ ቀርቷል። የሚጠሩት ስሞች ከተቀመጡት ልጆች በዝተው ነበር። መልስ የሚሰጡት ድምፆች ሳስተው፣ አንዳንድ እሑድ ጸሎቱ እንደ ንግግር ሆነ። ከከተማው ውጭ ካለው ከድሬ ጠያራ በእግራቸው ይመጡ የነበሩ ሁለት ወንድማማቾችም ቀሩ። ለመልአከ ገነት ይህን ስነግራቸው «ወጣት እንደሆነ ይመጣል ይሄዳል» አሉኝ። የሚመጣውን ግን እስካሁን አላየሁም።

ቤቲን መጨረሻ ያየኋት ሸዋ በር ሚኒባስ ስትጠብቅ ነው። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነበር።

«ድሬዳዋ ሥራ አግኝቼ ነው» አለችኝ።

«ምን ሥራ?»

«ሥራ ነዋ፣ መምህር።»

«እናትሽ ያውቃሉ?»

«ድሬዳዋ መሆኑን ያውቃሉ።»

እንዳትሄድ ለመንኳት። አባብዬአት፣ ተቆጥቼአት፣ ሰው እያየኝ እጇን ይዤ ለመንኳት። ቀስ ብላ እጇን አስለቀቀች። «የእኔን የክርስትና ስም ያስታውሱታል?» አለች።

«ወለተ ሰንበት።»

«ክፍል ውስጥ እንዳያስጠሩት። አንድ ቀን የሚመልስ ይጠፋና እናቴ ከሰው ፊት ላይ ያነቡታል።» ረዳቱ ጠራት፣ ገባች።

ስሟ አልተጠራም። እኔ ብቻዬን እጠራዋለሁ፤ ከመንገደኞቹ ይሁን ከሙታኑ ጋር እንደምጠራው ግን አላውቅም። ወይዘሮ አስካለ ዛሬም ገበያ ናቸው። ሳልፍ ሰላምታ ይሰጡኛል፤ ስለ ጸሎት አይጠይቁኝም።

ቁልፉን ለሚተካኝ ልጅ አስረክቤአለሁ። የነገርኩት ይህን ነው፤ ልጅ ሞተ ሲባል ወንድም እስኪመጣ፣ በዓል እስኪያልፍ፣ የደም ግፊት እስኪወርድ አይጠበቅም። ስሙ ለካህን ከመሰጠቱ በፊት እናቱ ትሰማለች።