ባንዳውን የሣለው ሰው

ኃይለ ገብርኤል ሥዕል የተማረው ከአባቱ ነው። አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንኮበር አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ መላእክትና ሰማዕታት ሲሥሉ ኖረው፣ ሲያረጁ ቀለሙንም ብሩሹንም ለልጃቸው አስረከቡት። እሱም እስከ ጎልማሳነቱ ከቅዱሳን በቀር ሌላ ሥሎ አያውቅም ነበር።

በ፲፱፻፶፩ ዓ.ም. ግን፣ ፋሺስት ጣሊያን ከተባረረ ብዙ ዓመት አልፎ፣ አዲሱ ትውልድ ስለዚያ ዘመን እንደ ተረት ሲያወራ ሰማ። ነገሩ ከነከነው። አቡጀዲድ ገዝቶ በመስመር ከፋፈለና ታሪኩን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች በተርታ ይሥለው ጀመር። መጀመሪያ የጣሊያን ወታደሮች ዳገቱን ሲወጡ፤ ቀጥሎ ቤት ሲነድ፤ ከዚያ ሴትና ሽማግሌው ከገደሉ ሥር ካለው ዋሻ ሲሸሸግ፤ በመጨረሻ በዋሻው አፍ እሳት ሲለቀቅ። ከዚያ ዋሻ እናቱና ታላቅ ወንድሙ አልወጡም። የወጣችው ያኔ ልጅ የነበረችው እኅቱ አመተ ማርያም ብቻ ናት። እሱ በዱር በገደል ከአርበኞች ጋር ስለነበር፣ የሣለው እሷ የነገረችውን ነው።

ከእሳቱ በፊት ባለው ክፍል አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ለጣሊያን መኮንን ዋሻውን በጣቱ ያሳያል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጻድቁን ከነሁለት ዓይኑ፣ ከሐዲውን በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ነው የሚሥለው፤ ያም ሰው አንድ ዓይን ብቻ ነበረው። ስም አልተጻፈበትም። ሆኖም ጫፉ የተጎመደ ጆሮውን ያየ ሁሉ ባለርስቱን ፊታውራሪ ገብረአብን አወቀ።

ሸሪፍ የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ ሥዕሉን ጎረቤላ ባለው ሱቁ በረንዳ ሰቀለው። በገበያ ቀን ሰው እየቆመ ከክፍል ወደ ክፍል በዓይኑ ይከተለዋል፤ ዋሻው ጋ ሲደርስ ጨዋታው ይቆማል።

ፊታውራሪ ይህን ሰምተው ኃይለ ገብርኤልን አስጠሩት።

«አንድ ሰው ብትፍቅ ሥዕልህ ምን ይጎድልበታል?» አሉት።

«ጌታዬ፣ እሱን ከፋቅሁት ጣሊያን ዋሻውን በምን አወቀው? ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ውሸት ይሆናል።»

«እንግዲያው ከነሁለት ዓይኑ ሣለው።»

«አልችልም።»

በማግሥቱ ሥዕሉ ከበረንዳው ወርዶ ተቃጠለ፤ ኃይለ ገብርኤልም ‹ባላባት ሰደበ› ተብሎ ታሰረ። ክረምቱ እዚያው አለፈ፤ ማሳው ጦም አደረ። ካህናቱ መጥተው «ይቅርታ ጠይቅና ውጣ፤ ክፉ ቀን በብልሃት ነው የሚታለፈው» አሉት። ልቡ ተከፈለ። እኅቱ ስንቅ ይዛ ስትመጣ ምን እንደምታስብ ጠየቃት።

«እኔ ያየሁትን ነግሬሃለሁ» አለችው። «እንዳላየሽ ሁኚ ካልከኝ እሆናለሁ።»

አንገቱን ደፋ። ይቅርታውን አልጠየቀም።

መስከረም ላይ ሲፈታ፣ ፊታውራሪን ፈርቶ የግድግዳ ሥራ የሚሰጠው ደብር ጠፋ። ሸሪፍ ግን አዲስ አቡጀዲድ ተሸክሞ ቤቱ መጣ።

«አያ ኃይሌ፣ በረንዳዬ ባዶውን አስጠላኝ። በል ሣልልኝ።»

«ደግመው ቢያቃጥሉትስ?»

«አላህ ጨርቅ አላሳጣኝም።»

ደግሞ ሣለው። ከተሰቀለ በኋላ በአንዱ የገበያ ቀን የፊታውራሪ ልጅ ለተጊዮርጊስ መጣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው በዝግታ አየችና በረንዳው ጥግ ጥጥ ወደምትፈትለው አመተ ማርያም ዞረች።

«እትዬ፣ ይህ ሰው አባቴ ነው?»

አመተ ማርያም እንዝርቷን አስቀመጠች።

«አዎ፣ እኅት ዓለም። የኛን ቤት ያውቅ ነበር። ዋሻው አፍ ላይ ቆሞ ‹አመተ፣ ነዪ ውጪ፣ አይነኩሽም› ብሎ በስሜ ጠራኝ። እናቴ አላመነችውም። እኔ አመንሁትና ወጣሁ።»

ለተጊዮርጊስ ነጠላዋን ወደ አፏ አድርጋ ሄደች። ለአባቷ ምን እንዳለቻቸው የሰማ የለም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ፊታውራሪ በሥዕሉ ላይ ሰው አልላኩም።

ኃይለ ገብርኤል እኅቱ ከዋሻው በስሟ ተጠርታ መውጣቷን እስከዚያ ቀን አልሰማም ነበር። በሳምንቱ ሥዕሉን አውርዶ ሌላ ቁራጭ ጨርቅ ሰፋበት፤ በላዩም አንዲት ልጅ ብቻዋን ከዋሻ ስትወጣ ይሥል ጀመር። አመተ ማርያም ከኋላው ቆማ ታየው ነበር።

«እንባ አታድርግልኝ» አለችው። «ያን ጊዜ አላለቀስኩም።»

ብሩሹን ውኃ ውስጥ ነክሮ የሣላትን ልጅ ጉንጭ አጸዳው።