ከራስ ዱላይ የጎደለው በጋ

ሐኪሞቹ ሰኞ ዕለት የጋሽ ባህሩዲንን ማንቁርት ከነካንሰሩ ሊያወጡት ነበር። ከዚያ በኋላ ድምፅ አይኖራቸውም። እኔ ሚኒያፖሊስ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት የስደተኞችን ታሪክ በድምፅ እየቀረጽኩ አስቀምጣለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ኢገን ወዳለው አፓርታማቸው ሦስት ቀን የተመላለስኩት ሰኞን ለመቅደም ነው።

ተወልደው ያደጉት ወሎ፣ ባቲ ነው። በወጣትነታቸው ለመርከቦች መንገድ የሚያሳየው የባሕር ዳር መብራት ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩና ከአሰብ በስተደቡብ ወዳለው ራስ ዱላይ ተላኩ። ራስ የሚባለው ወደ ባሕር ተስቦ የገባ የብስ ነው። እዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ። እዚህ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ የኤርፖርቱ ፓርኪንግ ውስጥ ሠሩ።

«መርከብ ስጠብቅ ጀምሬ መኪና ስጠብቅ ጨረስኩ» ይላሉ።

ራስ ዱላይ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። በአንድ ጎኑ ሥራቸውን ጨው ውኃ ውስጥ የነከሩ ዛፎች አሉ፤ በሌላው ጎኑ የባሕር ኤሊዎች ወጥተው አሸዋው ውስጥ እንቁላል ይቀብራሉ። በጥቅምት ንስሮች ከየመን ተሻግረው ይመጣሉ፤ ከድካማቸው የተነሳ ሰው እያዩ እንኳ አይነሡም። ጫፉ ላይ ባሕር ሬሳውን ያመጣው የአንድ ሰው መቃብር አለ። ስሙን የሚያውቅ ስለሌለ የአፋር ዓሣ አጥማጆች «እንግዳው» ይሉታል። አጠገቡ አንድ እንስራ ውኃ አይጠፋም። በጀልባም በእግርም የመጣ ይጠጣል፤ ሲመለስ ሞልቶት ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ዓመት በዓመት ነገሩኝ። አንድ በጋ ግን ጎደለ።

«ጋሽ ባህሩዲን፣ የሰባ ዘጠኝ በጋ የት ነበሩ?»

«እዚያው።»

«ምን ነበር?»

«ንፋስ።»

ልጃቸው ኢቅራ ሾርባ ይዛ ገባች። «ባባ፣ ፕሊስ፣ ረስት አድርግ።»

«ከሰኞ በኋላ ዕድሜ ልኬን ረስት አደርጋለሁ፤ ምን አስቸኮለሽ?»

እሷ መኪናዋን አስነሥታ ወደ ሥራ ስትሄድ ማይክሮፎኑን ወደ እኔ ገፉት።

«አንቺ ልጅ፣ እንደ እህል ስታፍሽኝ ሰነበትሽ። አፋር አገር እንዲህ ብታደርጊ ሌባ ነው የሚሉሽ።»

«ምን ሰረቅሁ ጋሽዬ?»

«ወሬ። እዚያ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ይቀመጣል። አንዱ ያየውን የሰማውን ያወጣል፣ ሌላውም ያወጣል። ዳጉ ይሉታል። ተቀብሎ ሳይሰጥ የሚነሣ የለም።»

«እኔ ወሬ የለኝም።»

«ታዲያ ይሄን ጥቁር ማን አለበሰሽ?»

ለመከራከር ጉልበት አልነበረኝም። ወንድሜን ኪዳኔን በመኸር እንደቀበርነው ነገርኳቸው። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚባለው ጎዳና ላይ ጎማ ይጠግን ነበር። መዝገብ ቤቱ ውስጥ የማላውቀውን ሰው ዕቃ ሁሉ ስለይና ስሰይም እየዋልኩ የእሱን አንድ ሻንጣ መክፈት አቅቶኛል፤ ይህንንም ነገርኳቸው። አላጽናኑኝም። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ተቀበልኩ» አሉ። ከዚያ ሰጡኝ።

በዚያ በጋ የመጀመሪያ ልጃቸው እዚያው ራስ ዱላይ ላይ ተወልዶ መዳህ ጀምሮ ነበር። ትኩሳት ያዘው። የደቡቡ ንፋስ ተነሥቶ ከአሰብ የምትመጣው ጀልባ ጫፉን መዞር አቃታት። ዓሣ አጥማጆቹ ሕፃኑን ይዘው ሊወጡ ሞከሩ፤ ማዕበሉ መልሶ ተፋቸው። ከእንግዳው ጎን ቀበሩት።

«ሦስት ጥቁር ድንጋይ አለበት። ከዚያ ወዲያ እንስራውን ሌላ ሰው አልሞላውም፤ ሚስቴ ከድሪያ ነበረች የምትሞላው። ለኢቅራ ሳትነግራት ሞተች። እኔም እነግራታለሁ እያልኩ ይኸው የጉሮሮዬ ቀን ደረሰ። ያ ልጅ እዚያ መኖሩን እዚህ አገር ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሆስፒታል ሄድኩ። አንገታቸው ላይ ቱቦ ነበር። አይተውኝ መቅረጫውን አመለከቱ፣ ቀጥሎ ኢቅራን። አጫወትኩላት። አማርኛዋ ብዙም አይደለም፤ ሦስቱ ድንጋዮች ጋ ስትደርስ ግን እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ስሙ ማነው?» አለች፣ በአማርኛ።

ቦታውን፣ ዘመኑን፣ የንፋሱን አቅጣጫ ሳይቀር ይዣለሁ። ስሙን አልጠየቅኩም።

ጋሽ ባህሩዲን ነርሶቹ የሰጧቸውን ትንሽ ነጭ ሰሌዳ አንሥተው ጻፉ። ኢቅራ ፊደል አታነብም፤ ሰሌዳውን ወደ እኔ አዞረችው።

«ይማም» አልኩ።

«ይማም» አለች ኢቅራ።

አባቷ ያለ ድምፅ፣ በከንፈራቸው ብቻ፣ አብረዋት አሉት።