የማይገጥመው ክዳን

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከመስከረም እስከ ገና እርጥብ ሣር ይሸት ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ ዝናቡ ሲያባራ እማዬ ሦስት ሴት ልጆቿን ይዛ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው መስክ ትወርድና ስንደዶ እንለቅማለን። ስንደዶ አይታጨድም፤ አንድ በአንድ ከአንገቱ ይዘው ይመዙታል። ሲመዘዝ ሲጥ ይላል። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ስለምንሄድ ቀሚሳችን እስከ ጉልበታችን ይርሳል፤ እግራችን ጭቃ ይለብሳል፤ ስንመለስ ግን ሦስታችንም በጀርባችን እንደ ትልቅ ሰው የሣር ሸክም አዝለን ነው። እማዬ ገሚሱን በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ቀለም አፍልታ ትነክረዋለች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ጣቶቻችን ቀይና ሐምራዊ ሆነው ይቆያሉ። ትምህርት ቤት ልጆች «የቆርቆሮ ልጆች» እያሉ ሲያበሽቁን ታላቄ እናኑ ትሳደባለች፣ መካከለኛዋ ውዴ ትማታለች፣ እኔ ደግሞ እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ።

ዓይን አፋር ነበርኩ። እንግዳ ሲመጣ ከበሩ ኋላ ነበር የምገኘው። ለእኔ የሚመቸኝ ቦታ ከትምህርት መልስ እማዬ ግራና ቀኝ አስቀምጣን ስንሰፋ ያለው ነበር። ሣሩ እንዳይሰበር በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ መሐላችን ይቀመጣል፤ ወስፌው ይወጋል፣ ስንደዶው ይከተላል፣ ጣት ይስባል። እማዬ ሕግ ነበራት። የመሶብ ክዳን መጨረሻ ነው የሚሰፋው። እርጥብ ሣር ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ገላው በደንብ ሳይደርቅ ክዳኑን የጀመረ ሰው በኋላ ክዳኑ ወይ ይጠበዋል ወይ ይሰፋዋል። «መሶብ መጀመሪያ ልኩን ይወቅ» ትል ነበር።

የዚያን ዓመቱ መሶብ የራሳችን ነበር። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ስትሰፋ ኖራ ለቤቷ የሚሆን አንድም አላስቀረችም ነበርና፣ «ይኼኛው ከቤት አይወጣም» አለች። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ዙር ሰጠችን። የእኔ ዙር ከታች በኩል ነበር። ጠበቅ አድርጌ ስስብ ተጨማደደብኝና አልቅሼ ላፈርሰው ስል እማዬ እጄን ያዘችኝ። «ተይው። የማን እጅ እንደሆነ ይታወቅበት» አለች።

አክስቴ ዘውዴ የመጣችው መሶቡ ገና ጥግ ተቀምጦ እየደረቀ ሳለ ነው። የአባዬ ታላቅ እህት ናት። ወላጆቻቸው በልጅነቱ ስለሞቱበት አባዬን ያሳደገችው እሷ ነበረች፤ አስተማሪ ከሆነ በኋላም በፊቷ ቀና ብሎ አይናገርም ነበር። ልጇ ደስታ በጥር ቡሬ ልትዳር ሽር ጉድ ላይ ነበሩ።

«ኖር እትዬ፣ ይግቡ» አለች እማዬ ተነሥታ።

አክስቴ አልተቀመጠችም። መሶቡን ዞር ዞር አድርጋ አየችውና እማዬን በስሟ ጠራቻት። «ይታይሽ፣ ይኼን ለደስታ ሰርግ አውሺኝ። በማግሥቱ እመልሰዋለሁ።»

«አልደረቀም እኮ እትዬ። ክዳንም የለው።»

«በጨርቅ እሸፍነዋለሁ።»

አክስቴ ያኔ እኛን ሦስታችንን በተራ አየችን፤ እኔን ከበሩ ኋላ ሳይቀር ፈልጋ። «ለማን ልታስቀምጪው ነው እስቲ? ወንድ እንደሁ አልወለድሽ። እነዚህ ነገ ሄደው የሰው ቤት ነው የሚያሞቁት። ደግሞስ የወንድሜን ቤት ዕቃ ከእኔ ልትደብቂ ነው?»

አብሮን የተቀመጠው አባዬ ወለሉን አየ። እማዬ መሶቡን አንሥታ በሁለት እጇ ሰጠቻት።

ሰርጉ ላይ ሦስታችን ከዳሱ ጥግ ተቀምጠን እየበላን ነበር። የሙሽራው እናት ረዘም ያሉ፣ የቡሬ ሰው፣ ስፌት ያውቃሉ የሚባሉ ሴት ናቸው። መሶቡን በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ይኼ የማን እጅ ነው? እንዴት ያለ ነው እናንተዬ!» አሉ። አክስቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «የልጄ የደስታ ነዋ! ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከወስፌ ተለይታ አታውቅም» አለች። ደስታ በሕይወቷ ወስፌ ይዛ አታውቅም። እማዬ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዛ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ሰማች። የሙሽራውን እናት ጽዋ ሞላች፣ የአክስቴንም ሞላች፣ ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፈች።

ወደ ቤት ስንመለስ እናኑ በንዴት እያለቀሰች «ለምን ዝም አልሽ?» አለቻት። «ሰው ሰርግ ላይ አይጮኽም» አለች እማዬ። መሶቡ በማግሥቱም በሳልስቱም አልተመለሰም፤ ከሙሽራዋ ጋር ቡሬ ሄዷል። ውዴ የአክስቴን ነጠላ ሚጥሚጣ ልትነሰንስበት አሰበች። እናኑ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ሰው መሐል ልትሰድባት ማለች። እኔ ምንም አላልኩም፤ ግን ስሰፋ ወስፌውን ሣሩ ላይ ስወጋ በልቤ የምወጋው ሌላ ነገር ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚሉት ለካ በስምንት ዓመት ልጅም ይሠራል።

ዐቢይ ጾም እንደገባ አክስቴ ተመልሳ መጣች። በዚህኛው ጊዜ ቶሎ ተቀመጠች።

«ይታይሽዬ፣ የደስታ አማት መሶቡን ወደውልሻል። ከፋሲካ በኋላ ለጥየቃ ስንሄድ ደስታ ክዳኑን ሰፍታ እናቷ ታምጣልኝ ብለዋል። እንግዲህ አንቺው…»

«ምን ገዶኝ እትዬ። እሰፋዋለሁ። ልኩን ያምጡልኝ።»

«የምን ልክ? ሰፍተሽው ልኩን አታውቂም?»

«እኔ የማውቀው የእኔን ነው» አለች እማዬ፣ ቀና ሳትል፣ ረጋ ባለ ድምፅ። «ያኛው የደስታ ነው ተብሏል። ባለቤቷ ትለካው።»

አክስቴ ፊቷ ቀላ፤ ሄደች። ከጥቂት ቀን በኋላ ከቡሬ በሚመጣ ሚኒባስ አንድ የተቋጠረ ክር ተላከ። ደስታ ክሩን ከመሶቡ አፍ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በውስጥ በኩል ወጥራ ነበር የለካችው። ስፌት የሚያውቅ ሰው ግን ክዳን በአፉ ላይ እንደማይቀመጥ ያውቃል፤ ከአፉ አልፎ በውጪ በኩል ጥቂት ጣት ወርዶ ነው የሚያቅፈው። እማዬ ክሩን በጣቷ ይዛ አየችው። ፈገግ ያለች መሰለኝ።

የዚያን ክዳን ያህል ተጠንቅቃ ስትሰፋ አይቻት አላውቅም። ቀለሙን ደጋግማ አጠበች፤ አንዲት ስንደዶ ብታፈነግጥ ፈትታ እንደገና ጀመረች። ውዴ አላስችል ሲላት «እማ፣ ይኼ እኮ ያንሳል!» አለች።

«የመጣልኝ ልክ ይኼ ነው።»

«መሶቡ ውስጥ ይገባል እኮ!»

«አንቺ ሣሩን አርጥቢልኝ» አለች እማዬ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ ያኔ ውሃውን አየሁት። ሦስታችንም ተያየንና ሳቃችንን በነጠላ አፈንነው። በቀል እንዲህ የሚያምር ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እየሳቅን ሰፋን።

ከፋሲካ በኋላ ቡሬ የሄድነው አክስቴ፣ አባዬ፣ ሌሎች ዘመዶችና እኔ ነን። እማዬ ራሴን አሞኛል ብላ ቀረች፤ «ክዳኑን ትንሿ ትያዘው፣ እጇ ለስላሳ ነው» አለች። ማንኩሳን ስናልፍ፣ ሚኒባሱ በነጠረ ቁጥር፣ ክዳኑን ጉልበቴ ላይ እንደ ሕፃን አቅፌ ነበር። አክስቴ ዞር እያለች «እንዳትጨፈልቂው!» ትለኛለች።

የሙሽራው እናት ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ክዳኑን ከእጄ ተቀብለው ወደ ብርሃን አውጥተው አዩት፤ ዙሪያውን ዳሰሱት። «ደስታ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉና መሶቡ ላይ አኖሩት። ክዳኑ ጠርዙን አልፎ ገባ፤ ከመሶቡ ሆድ ሄዶ ዷ ብሎ ተቀመጠ።

አንድ ሽማግሌ «ኧረግ!» አሉ። ደስታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። የሙሽራው እናት እጃቸውን ሰድደው ክዳኑን አወጡት፤ እንደገና አኖሩት፤ እንደገና ገባ።

«ደስታ ልጄ፣ የገዛ መሶቡን አፍ የማያውቅ እጅ አለ?»

«ችኮላ ነው እኮ» አለች አክስቴ። «ጾም ነበር፣ ሥራ በዝቶባት…»

ሴትዮዋ አላዳመጧትም። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ ይዘሽው የመጣሽው፣ ማን ነው የሰፋው?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የምደበቅበት በር አልነበረም። አባዬን አየሁት፤ እንደ ወትሮው ወለሉን እያየ ነበር። «እማዬ ናት» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «መሶቡንም ክዳኑንም። እኛም አግዘናታል።»

«ወዲያ! ልጅ ምን ታውቃለች!» አለች አክስቴ።

ተነሥቼ መሶቡን ገለበጥኩት። ከታች በኩል የተጨማደደውን ዙር በጣቴ አሳየኋቸው። «ይኼ የእኔ ነው። የእናኑ እዚህ ነው። የውዴ ይኼ ቀዩ።»

የሙሽራው እናት ጎንበስ ብለው የተጨማደደችውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳበሷት። ያኔ ነው አባዬ ቀና ያለው። «እውነቷን ነው» አለ። «የባለቤቴ እጅ ነው።» በእህቱ ፊት ሲናገር ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

«እንግዲያው» አሉ ሴትዮዋ፣ ሳይጮኹ፣ «መሶቡ ወደ ሰፋችው ይመለስ። እርስዎው ያድርሱላት ወይዘሮ ዘውዴ።»

ፍኖተ ሰላም ስንወርድ የገበያ ቀን ነበር። አክስቴ ከመናኸሪያው እስከ ቤታችን መሶቡን በደረቷ አቅፋ ሄደች። ክዳኑ ውስጡ ይንኳኳል። መንገድ ላይ የምታውቃት ሁሉ ታስቆማታለች፤ «ምነው ዘውዴ፣ የልጅሽን መሶብ ወዴት ነው?» እያለች። አባዬ ላግዝሽ ሊል እጁን ሲዘረጋ እጁን ያዝኩት። እስከ ዛሬ ያን በማድረጌ አልጸጸትም።

እማዬ በር ላይ ተቀበለቻት። «እንኳን ደህና መጡ እትዬ። ይቀመጡ። እስቲ ይያዙልኝ» ብላ መሶቡን መልሳ አክስቴ ጭን ላይ አኖረችውና ከውጪ በኩል በስንዝሯ ለካችው። ከዚያም ሌላ ክዳን ጀመረች። ልኩ ተሳሳተብኝ እያለች ደጋግማ «ትንሽ ይያዙልኝ» ትላታለች። አክስቴ በራችን ፊት፣ ጎረቤቱ እያለፈ፣ እስኪመሽ ድረስ መሶቡን ታቅፋ ተቀመጠች። እማዬ ልክ ተሳስቶባት አያውቅም።

አዲሱ ክዳን ሲያልቅ መሶቡ ከቤት አይወጣም ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እማዬ ግን ሦስታችንንም አስከትላ ቡሬ ወስዳ ለደስታ አማት ሰጠቻቸው። «የሴት ልጆቼ እጅ ነው። ለደስታ ስጦታችን ነው» አለች። እኔ በመንገዱ ሁሉ አኮረፍኩ። ደግነት መሰለኝ። ያ ስጦታ ምን እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አክስቴ ልጇን ልትጠይቅ በሄደች ቁጥር እንጀራ የሚቀርብላት በዚያ መሶብ ነው፤ ቤቱ ሁሉ የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል፤ እሷም ማወቃቸውን እያወቀች ትቆርሳለች።

ዛሬ ተምሬ እዚሁ ከተማ ቢሮ እሠራለሁ። ባለፈው ወር ብዙ የደከምኩበትን ጥናት አለቃዬ ስብሰባ ላይ የራሱ አድርጎ አቀረበው፤ ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ስለ እማዬ አሰብኩ። ያኔ የተወሰደብን ነገር በእጅ የሚዳሰስ፣ የወሰደውም ሰው በር ላይ የሚመጣ ነበር። ዛሬ የሚወሰድብኝ ወረቀት ላይ ያለ ቃል ነው፤ አፉ የት እንደሆነ፣ ከየት ወዴት እንደሚለካ ገና አላወቅሁም። እየፈለግሁ ነው።

ደስታ አራት ልጆች ወልዳለች፤ አራቱም ሴቶች ናቸው። ክረምት ሲመጣ እማዬ ዘንድ ስፌት ይማራሉ። አክስቴ አርጅታለች፤ የልጅ ልጆቿን ይዛ ትመጣና ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። እማዬ የተሻለውን መቀመጫ ትሰጣታለች፣ ነጠላዋን ታስተካክልላታለች። ባለፈው አክስቴ «ሴት ልጅ ናት እኮ ለሰው የምትደርስ፤ ወንድማ ምን ይረባል» ስትል ሰማኋት። እማዬ «ልክ ነው እትዬ» አለቻት፣ ከልቧ። ሰው ሲያረጅ ቂሙም አብሮት ያረጃል ይባላል። የእማዬ አርጅቶ ሞቷል፤ እኔ ለአክስቴ ውሃ ሳቀርብላት፣ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ስሰጣት፣ የእኔው ገና ወጣት መሆኑን አውቃለሁ።