በደጃፍ የተቀመሰ እሸት

የልጄ ልጅ አፈር ትቀምስ ነበር። ከጂንካ ወደ ገዘር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጎርፍ የቦረቦረው ቦታ ሁሉ ትወርድና በጣቷ ቆንጥራ ምላሷ ላይ ታደርጋለች። «ይኼኛው ይያያዛል፣ ይኼኛው አሸዋ ነው» ትላለች። ለሸክላ ይሆናል ብላ የወደደችውን በፌስታል ቋጥራ አልጋዬ ሥር ትደብቃለች። ትምህርት ቤት የምትሄደው የወንድሟን ሰፊ ማልያ ከዩኒፎርሟ ሥር ለብሳ ነው። ከፍየሏ ጋር ትጨቃጨቃለች፤ ፍየሏ ዝም ስትላት ትናደዳለች። ዘመዶች «አሁን ትልቅ ሰው ሆነሻል፣ ይኼን ተይ» ይሏታል። የትኛውን ትተው? አንዱን ብትተው ሌላ ታመጣለች።

የሸክላ ነገር ግን እኛ አሪዎች ዘንድ ቀልድ አይደለም። ገበሬው ሌላ ነው፣ ሸክላ ሠሪው ሌላ ነው ይባላል። ድስቱን ከእነሱ እንገዛለን፣ ጎመናችንን እንቀቅልበታለን፤ ሠሪዋ ግን ቤታችን ገብታ ከእኛ ጋር ከአንድ የኮባ ቅጠል አትበላም። ይኼ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አልገባኝም። ስጠይቅ «እንዲህ ነው» ይሉኛል። እንዲህ ነው መልስ አይደለም።

ልጅቷ ከትምህርት ስትመለስ አንዲት አሮጊት ሸክላ ሠሪ ዘንድ መቀመጥ ጀመረች። አሮጊቷ መጀመሪያ ፈርተዋል።

«ልጄ፣ ቤትሽ ያውቃል?»

«አባባ ያውቃል» አለቻቸው።

አላውቅም ነበር። እቤት መጥታ ስትነግረኝ አወቅሁ፤ ስለዚህ አልዋሸችም።

የመጀመሪያ ድስቷ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነበር። ይዛው መጥታ ፊቴ አስቀመጠችውና «አባባ፣ ይኼ ሰክሯል» አለች። ውሃ ሞላሁበት። አላፈሰሰም። ለኔ በቂ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሰማ። የድሮውን ባህል ትቻለሁ፣ ጌታን ተቀብያለሁ የሚል ሰው ነው። እየተቆጣ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ስማችንን ልታጠፋው ነው። ነገ የኔን ሴት ልጆች ማን ያገባል?»

«ድስት የሚያስፈልገው ሁሉ።»

«አትቀልድ። ሸክላ ከሠራች ከእኛ ጋር አትበላም። ባህሉ ነው።»

«ባህል ትቻለሁ አላልክም እንዴ?»

«መጥፎውን ነው የተውኩት።»

«መራጩ ማነው?»

ጥሎኝ ሄደ። ወንድሜ ጥሎ ሲሄድ ተስማማ ማለት አይደለም።

በቆሎው ሲደርስ ቤተሰቡ ሁሉ ወንድሜ ግቢ ተሰበሰበ። እኛ ዘንድ የአባት በኩር ሳይቀምስ ታናናሾቹ አዲስ እህል አፋቸው አያደርጉም። በኩሩ እኔ ነኝ። ይኼን ልማድ ጸሎት ቤት የሚሄዱትም አልነኩትም። የደፈረ ይታመማል ይባላል፤ እስካሁን ሞክሮ ማየት የፈለገ የለም።

ልጅቷም ማልያዋን ለብሳ መጣች። የወንድሜ ሚስት የተቀቀለ በቆሎ በኮባ ቅጠል ለብቻ አድርጋ ሰጠቻትና «ውስጥ ቦታ የለም፣ እዚያው ብዪ» አለቻት። ቤቱ ግን ስፋቱ በሬ ያስተኛል። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና ማልያዋን ጎትታ ጉልበቷን ከተተችበት። ትንሽ ሳለች ሲከፋት እንደዚያ ታደርግ ነበር። ቅጠሉን አልነካችውም።

በርጩማዬን ይዤ ወጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አባባ ግባ፣ እየጠበቁህ ነው።»

«ይጠብቁ።»

ወንድሜ በሩ ላይ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ግባና ቅመስልን እንጂ።»

«የምቀምሰው እዚህ ነው።»

«ልጆቹን ራባቸው።»

«ይቺስ የማን ልጅ ናት?»

ተመልሶ ገባ። ውስጥ ሹክሹክታ ሆነ። አንዱ «በቃ እኛ እንብላ» ሲል ሰማሁ። የወንድሜ ሚስት «እስቲ አንተ መጀመሪያ ጉረስ» አለችው። ማንም አልጎረሰም። በቆሎው እየቀዘቀዘ ነው። ልጅቷ አንገቷን ቀና አድርጋ አዳመጠች። «አባባ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ባህሉ እነሱንም ያዛቸው።» ሳቅ አፈናት። እኔም ሳቄን ዋጥኩት፤ ሽማግሌ ሲያኮርፍ አይስቅም።

በመጨረሻ ወንድሜ ትልቁን ቅጠል በሁለት እጁ ተሸክሞ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። እኔ ፊት አስቀመጠው። ወደ እሷ ገፋሁትና «ስበሪ» አልኳት።

ወንድሜን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ አንዱን በቆሎ አንስታ ለሁለት ሰበረችው። ጥፍሯ ሥር ጭቃ ነበር። ግማሹን ተቀበልኩና ሁሉም እያዩኝ ቀመስኩ፤ ግማሹን እሷ በላች። ከዚያ በኋላ መብላት የፈለገ ከዚያው ቅጠል ማንሳት ነበረበት። ልጆቹ ተሻሙ። ወንድሜ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ፣ ቆሞ በላ። ይብላ እንጂ እንዳሻው ይቁም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ከአሮጊቷ ጎን ተቀምጣ ሸክላዋን ትሸጣለች። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ፊቱን የሚያዞርባት ዘመድ ዛሬም አለ። ያ የሰከረው ድስት እኔ ቤት ነው። እሸት ሲደርስ የምንቀቅለው በእሱ ነው። የማይስማማው ካለ አስቀድሞ ይንገረኝ፤ መጀመሪያ የምቀምሰው እኔ ነኝ።