በክረምት የሚዋኙ ሰዎች

አሶሳ ስመደብ ሻንጣዬ ውስጥ የነበረው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚያኮራ አልነበረም። ከፈረንጅ አፍ የተተረጎመ ቀጭን የፍቅር ልብ ወለድ፣ ሽፋኑ ላይ የዋና ልብስ የለበሰች ልጅ ጃንጥላ ስር ተጋድማ የምትስቅበት። አባቴ እንዳያየው በፎጣ ጠቅልዬ ነበር ከቤት ያወጣሁት።

ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው። ቢሮአችን ውስጥ ከወንበሩ ማኅተሙ ይበዛ ነበር። እኔ የተቀጠርኩት በጸሐፊነት ነው፤ ከደብረ ማርቆስ የመጣሁ፣ ምላሴ የማያርፍ፣ ከምላሴም ይልቅ ሳቄ ያስቸገረኝ የሃያ ሁለት ዓመት ልጃገረድ። በመጣሁ በሳምንቱ የዝውውር ማመልከቻ አስገባሁ። ሰበቤ ሙቀቱ ነበር፤ እውነቱ ግን እናቴ ናፍቃኝ ነው።

ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ባልደረባዬ የበርታ ተወላጅ ነው። አማርኛን የለመደው ከወታደርና ከከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ለእሱ ሰው ሁሉ «አንተ» ነው። የሴቶች ተወካይዋ «ተናገረ»፣ የኃላፊው ባለቤት «መጣ»። ረቂቁን ስተይብ ብቻዬን እንደ እብድ እስቃለሁ። አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ፊት መጥቶ ቆመ።

«አንተ ትስቃለህ» አለኝ። «ለምን አታስተምረኝም?»

ቂም አልነበረበትም። እኔ ግን አፈርኩና እሺ አልኩ።

የሚነበብ ቢፈለግ ከመመሪያና ከሰርኩላር ሌላ የለም፤ ስለዚህ ያ መጽሐፍ ከፎጣው ወጣ። በምሳ ሰዓት ከቢሮው ጀርባ፣ ማንጎው ስር፣ እሱ ያነባል እኔ አርማለሁ። ከወሎ በሰፈራ የመጡት ሽማግሌው ዘበኛችን ዱላቸውን ተደግፈው ያዳምጣሉ። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ከተሜ ወጣት ለዕረፍት ባሕር ዳርቻ ይወርዳል። ገጽ አሥር ላይ ለአንዲት ልጅ «እወድሻለሁ» ይላታል፤ ገጽ ሠላሳ ላይ ለአክስቷ ልጅ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አይስክሬም ለምትሸጠው። የፈረንጆቹ የሙቀት ወራት ከእኛ ዝናብ ጋር ስለሚገጥሙ ተርጓሚው «የክረምት ዕረፍት» ብሎ ጽፎታል፤ ዘበኛው ታዲያ ከዚያች ቃል ወዲያ አላለፉም።

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ ክረምት ነው አላልሽም?»

«ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ ከላይ ውሃ እየወረደባቸው ራቁታቸውን ሌላ ውሃ ውስጥ ምን ከተታቸው? ጤና የላቸውም እንዴ?»

ዝናቡ በገባ ሰሞን የቢሮው ቆርቆሮ እየተቀጠቀጠ መደማመጥ ሲያቅተን የሳቸው ጥያቄ ልክ ሆኖ ታየኝ። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም።

እሱ ግን አይቷል። ፖርት ሱዳን ሁለት ዓመት መርከብ ሲያራግፍ ኖሯል። «ይህን መጽሐፍ የጻፈ ሰው ባሕር አያውቅም» አለ። «ልጅቷ ከባሕር ወጣ፣ ፀጉሩ ሐር ሆነ ይላል። ውሸት! ባሕር ጨው ነው። ፀጉር ገመድ ይሆናል። ቁስል ካለህ ታለቅሳለህ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉን እያጠፍኩ ስለ ባሕሩ እንዲያወራኝ እለምነው ጀመር። ሌሊት ስለሚያበራ ውሃ፣ ስለ መርከብ ጩኸት፣ ስለ አሣ ሽታ ነገረኝ። መጀመሪያ ላይ ሐሳቤ ትምህርቱ ብቻ ነበር፤ በኋላ ግን ከምሳ በፊት መስታወት ማየት አበዛሁ። ወድጄው ነበር። እኔ ማተብ ያሰርኩ፣ እሱ ጁምዓ የማይቀርበት፤ ነገሩ የት ሊያደርሰን ነው እያልኩ ለራሴም አላመንኩም።

በሁለተኛው ወር «አንተ»ን ከ«አንቺ» ለየ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሴቶች ተወካይዋ «ተናገረች»፤ እኔም የምስቅበት አጣሁ።

የዝውውሬ ደብዳቤ የመጣው ልክ ያኔ ነው፤ ተፈቅዷል ይላል። እሱ መዝገብ ቤት አይቶት ኖሮ በቀጥታ ማንጎው ስር መጣ። ከዘበኛው ጋር ተቀምጫለሁ። ፊቴ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«እወድሃለሁ» አለኝ።

ሳቅሁ። ከደስታ ይሁን ከድንጋጤ አላውቅም፤ ብቻ አመለጠኝ። ዘበኛው ቀና ብለው «እኔን ነው?» ሲሉ ደግሞ ባሰብኝ፤ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ዓይኔን ጠርጌ ሳይ እሱ የለም።

ወደ ደብረ ማርቆስ የምሄድበት አውቶቡስ ሊነሳ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። በማግስቱ ለምሳ አልመጣም። በሁለተኛው ቀን ቃለ ጉባኤውን በሌላ ሰው ላከው። እኔ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ እከታለሁ፣ መልሼ አወጣለሁ። ዘበኛው ሳይቀሩ ተቆጡኝ፤ «ሰው ልቡን ሲከፍትልሽ ጥርስሽን ታሳዪዋለሽ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሰው ልቡን ሲሰጠኝ እኔ የሰማሁት ሰዋስው ነበር። እንዲህ አስቀይሜው ብሄድ ደብረ ማርቆስም ሰላም እንደማይሰጠኝ ገባኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቢሮው ገባሁ። ብዕሩን ይዞ ባዶ ወረቀት ላይ አጎንብሷል።

«ይቅርታ» አልኩት። «በስህተትህ መሳቅ አልነበረብኝም።»

«ስህተት አይደለም» አለ።

«ለሴት እኮ ‹እወድሻለሁ› ነው የሚባለው። ታውቀው የለ?»

«አውቃለሁ። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ።»

አንድም ፊደል አልሳተም። ብዕሩን አስቀመጠና ቀስ እያለ ነገረኝ። «መጽሐፉ ላይ ሰውየው ‹እወድሻለሁ› አለ። ለአንዷ አለ። ለሁለተኛዋ አለ። አይስክሬም ለምትሸጠውም አለ። ውሸታም ነው። የመጀመሪያዋ ልጅ ግን ‹እወድሃለሁ› ያለችው አንድ ጊዜ ነው፣ መጨረሻ ላይ። እሷ እውነቷን ነው። እኔ የእሷን ወሰድኩ።»

ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«እኔስ ምን ልበል?» አልኩት።

«የሰውየውን እንዳትይ።»

የልጅቷን አልኩ። አውቶቡሱም ያለ እኔ ሄደ።