የአርብ ግለ ሂስ

ወንበር በወለል ላይ ሲጎተት በሰማሁ ቁጥር እስራኤል፣ ሬሖቦት ከተማ ያለው የድሮ ቤታችን፣ የአርብ ከሰዓት በኋላው ብርሃንና እናቴ «ስብሰባ!» ብላ የምትጣራበት ድምፅ ተያይዘው ይመጡብኛል።

እማዬ በወጣትነቷ ጎንደር ውስጥ የቀበሌ ማኅበር ጸሐፊ ነበረች። ደርግ ሊወድቅ ሲል ከአባዬ ጋር በአውሮፕላን ወደዚህ መጥታ፣ እኛን ወልዳ ብታሳድግም፣ የስብሰባው አመል አልለቃትም። ክረምት ገብቶ ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድብ፣ ሻባት፣ ሰንበቱ፣ ከመግባቱ በፊት ወንበሮቹን በክብ ደርድራ፣ የሳምንት ጥፋታችንን ተራ በተራ ቆመን እንድንናገር ታደርገን ነበር፤ ግለ ሂስ ትለዋለች። አባዬ ኮስተር ብሎ ተነሥቶ፣ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ የልጆቹን ቸኮሌት የበላሁት እኔ ነኝ» ሲል በሳቅ እንሞት ነበር። የእሷ ተራ ብቻ ደርሶ አያውቅም።

አባዬ በደርግ ዘመን፣ ጎንደር ሳሉ፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ በቀለዳት አንዲት ቀልድ ሰባት ወር መታሰሩን እናውቃለን፤ ማን እንደጠቆመበት ግን በቤታችን አይነሣም ነበር።

ዝናቡ አባርቶ፣ የብርቱካን አበባ ሽታ በመስኮት እየገባ እንቅልፍ እንቅልፍ በሚለን አንድ አርብ፣ በቴሌቪዥን የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም መጣ። ከሥር የሚወጣውን የዕብራይስጥ ትርጉም እያነበብሁ በአማርኛ የምነግራቸው እኔ ነበርሁ። ኮስታራ የፓርቲ ሹም የሆነች ሴት አንድ ዳቦ ጋጋሪ ልትመረምር ሄዳ፣ በፓርቲው ጋዜጣ ዳቦ ሲጠቀልል አግኝታው፣ ክሱን እየጻፈች በፍቅሩ ትወድቃለች። አባዬ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሴትዮዋ የጋጋሪውን ስም ለአለቆቿ ስትሰጥ ግን እማዬ ከወንበሯ ተነሥታ ወደ አባዬ ዞራ ቆመች።

«ተገኘ፣ ያን ጊዜ ስምህን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው።»

አባቴ ጥሎን የሚሄድ መሰለኝ። እሱ ግን ዐይኑን ከፊልሙ ሳይነቅል፣ «አውቃለሁ» አላት። «እስር ቤት ስንቅ ስታመላልሺልኝ ቀና ብለሽ አታዪኝም ነበር። ቤሰደር፣ ይሁን፣ አሁን ተቀመጪ፤ ሴትዮዋ ምን እንደምታደርግ እንይ።»

እማዬ ተቀምጣ ፊልሙ እስኪያልቅ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። በጋው ገብቶ በረንዳው ላይ መሰብሰብ ስንጀምር፣ ጥፋቷን ለመናገር መጀመሪያ የምትነሣው እሷ ሆነች።

ዛሬ የራሴ ቤት አለኝ። ልጆቼ በቀን አሥር ጊዜ ተጣልተው አሥር ጊዜ «ስሊኻ»፣ ይቅርታ፣ ይባባላሉ፤ ማንም ተነሥቶ አይቆምም፣ ማንም አይጨነቅም። እኔም ቀላል ቀላሉን ጥፋቴን ለባለቤቴ ቶሎ እናገራለሁ። ከባዱን ግን፣ ሳያውቀው እንደማይቀር እየጠረጠርሁ እንኳ፣ እስካሁን አልነገርሁትም።